ለፋይከሱ የተነገረ ወሬ

«ቢቸና ነው በያት።»

«ቢቸና ምን ሊሠራ?»

«እኔ እንጃ። ሰሚናር በያት። ዘንድሮ ሰው ሁሉ የሚሄደው ሰሚናር አይደል?»

መካሪዋ እናቴ ወለተ ሐና ናት። ጠያቂዋ ታላቅ እኅቷ ይርጋነሽ ናት፤ እናቴ ስትጠራት ሰምቼ እኔም እቴቴ የምላት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ተባብለዋል፤ እኔ ግን ከእህሉ ጎታ ኋላ ተወሽቄ የያዝሁት ይህችኑ ብቻ ነው። እቴቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ደጋግማ ስትጠርግ አየሁና ጉንፋን ይዟታል አልሁ። ትንሽ ቆይተው ጠሩኝና ነገሩኝ፤ የእቴቴ ባል ጋሼ ደምለው ለሰሚናር ቢቸና ሄዷል፣ የሚመለስበት ቀን አልታወቀም።

ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሞጣ፣ ዘመኑም ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ቢቸናን አይቻት ስለማላውቅ እንደ ልቤ ሠራኋት፤ ነጭ አዳራሽ፣ በረድፍ የተደረደረ ወንበር፣ ስኳር የበዛበት ሻይ። ጋሼ ደምለው አስተማሪ ነበርና ከፊት ተቀምጦ እጁን እያወጣ ሲመልስ ይታየኝ ነበር። አስተማሪ ራሱ ሲማር የሚያርመው ማን እንደሆነ ብቻ አልገባኝም።

ዛሬ የምኖረው እዚያችው ቢቸና ነው። ተድሬ የመጣሁ ሰሞን ነጩን አዳራሽ በዓይኔ ፈልጌ ነበር፤ አጣሁት። ባሌንም አልጠየቅሁት። ጋሼ ደምለው ቢቸና እንዳልነበረ ያኔ ካወቅሁ ቆይቼ ነበር፤ ግን ሰው ያወቀውን ሁሉ ወዲያው አያምንም።

የነበረው እዚያው ሞጣ ነው። በእኛ ቤት ጠላ ሲጠመቅ ሽታው ከሚደርስበት ግቢ ውስጥ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ፣ ቆርቆሮ በለበሰ መጋዘን ታስሮ ነበር። ለምን እንደታሰረ እስከ ዛሬ ሦስት ዓይነት ነገር ሰምቻለሁ። ከሦስቱ አንዱም ሰው አያሳስርም፤ በዚያ ጊዜ ግን ከዚያ ባነሰም የታሰረ ነበር። ዘመድ ምግብ እስከ በሩ ያደርሳል፣ ዘበኛው ይቀበላል፣ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። ማየት ክልክል ነው። እቴቴም ሳህኑን ተቀብላ በየቀኑ ታገላብጠው ነበር። ሳህን ባዶ መሆኑን እንጂ ማን እንደበላው አይናገርም።

ዛፉ የመጣው በዚህ መካከል ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ሣህለ ከአዲስ አበባ ሲዛወር አልጋውን፣ ሬዲዮኑንና አንድ ዛፍ በጭነት መኪና ይዞ መጣ። የዛፉ ስም ፋይከስ ነው አለ። በቀይ ቀለም በተቀባ የበርሜል ግማሽ ውስጥ የቆመ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ፣ ቅጠሉ ቅቤ የተቀባ የሚመስል ዛፍ ነው። የበሩ ዘበኛ ሐምዱ ዘወር ዘወር ብሎ ካየው በኋላ፣ «ይኼማ የዋርካ ልጅ ነው። ምን አጥፍቶ ነው በርሜል ውስጥ ያስገባችሁት?» አለ ይባላል። ሐምዱ አባትና አያቱ በሞጣ ገበያ ጨው ሲነግዱ የኖሩ፣ ቀልድ ሲናገር ፊቱ የማይፈታ ሽማግሌ ነው። የኃላፊው ሙሉ ስም ሣህለ ማርያም መሆኑን ደርሶበት፣ «ማርያምን ደጀን ላይ አውርዷት ነው የመጣው» ያለውም እሱ ነው።

ፋይከሱ ሞጣ በገባ ሳምንቱ ቅጠሉን ማራገፍ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ አንድ፣ በኋላ በእፍኝ። ጓድ ሣህለ ውኃ ጨመረለት፤ ባሰበት። ከጥግ ወደ በሩ አዛወረው፤ ባሰበት። ወደ ጥጉ መለሰው፤ ይህንንም አልወደደለትም። ባለጉዳይ ሲገባ ዓይኑ ወለሉ ላይ ይቀራል። በመጨረሻ ኃላፊው፣ «ይኼ አሻጥር ነው» አለና ጽዳቷን ሴት አስጠርቶ መረመራት። ሴትዮዋም፣ «ጓድ፣ እኔ የጠረግሁት የወደቀውን ነው። ያልወደቀውን ነክቼ አላውቅም» አለች። ክርክሩ እዚህ ላይ ቆመ።

አንድ ቀን እቴቴ ሳህኗን ስትቀበል ሐምዱ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ይርጋነሽ፣ ዛፍ የሚያክም ሰው ይፈለጋል» አላት።

«እኔ የጌሾና የጤና አዳም ሰው ነኝ፤ ይኼን የአዲስ አበባ ዛፍ የት አውቄው?»

«እሱስ ማን ያውቀዋል? የኃላፊው ክፍል መስኮት ወደ ጓሮ ነው የሚከፈተው እልሻለሁ፣ አንቺ ስለ ጌሾ ታወሪኛለሽ!»

በማግስቱ እጄን ይዛኝ ሄደች። እኔ የተወሰድሁት የውኃውን ጣሳ ለመያዝ መስሎኝ ነበር። ልጅ የያዘች ሴት ብዙ ጥያቄ እንደማትጠየቅ ያወቅሁት እኔም ልጅ ይዤ መሥሪያ ቤት መመላለስ ስጀምር ነው። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ደጋግማ አስጠናችኝ፤ «ሰብሌ፣ እዚያ ግቢ የምታውቂው ሰው ብታዪ እንዳላወቅሽ ሁኚ። ስሙንም አትጥሪ፣ ሰላምም አትበዪ። ሰላምታ ዛፉን ያሳምመዋል።»

አመንኋት። እስከ ዛሬ ዛፍ አጠገብ ሰው ስስም ቀስ እላለሁ።

ጓድ ሣህለ ስሟን ጠየቃት። «ይርጋነሽ አካለ ወልድ» አለችው። በእኛ አገር ሴት የባሏን ስም አትይዝም። ደምለው ኃይለ ሚካኤልና ይርጋነሽ አካለ ወልድ በተክሊል የተጋቡ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ግን አይተዋወቁም። የታሳሪ ሚስት መሆኗ ቢታወቅ ከዛፉ መባረር ብቻ አልነበረም የሚጠብቃት። ይህን እሷም ሐምዱም ያውቁት ነበር፤ እኔ ጣሳዬን ይዣለሁ።

እቴቴ ዛፉን ዞረችው። ቅጠሉን በአውራ ጣቷ አሸት አደረገች፣ አፈሩን አሸተተች፣ መስኮቱን አየች።

«ጌታዬ፣ ይኼ ዛፍ...»

«ጌታ የሚባል የለም። ጓድ በዪኝ።»

«ጓድ ጌታዬ፣ ይኼ ዛፍ ታፍኗል። ነፋስ ይሻል። የሚያጫውተውም የለም።»

«ዛፍ ይጫወታል እንዴ?»

«ላም ስትታለብ ይዘፈንላት የለም? ወተቱን የምትሰጠው ለዘፈኑ አይደል?»

ጓድ ሣህለ የከተማ ልጅ ነበር። ላም ስትታለብ እንደሚዘፈንላት አለማወቁን እኛ ፊት ማሳየት አልፈለገም መሰለኝ፣ «እሱማ ነው» አለ። እሱ ውይይት በሚሄድባቸው ጠዋቶች እየመጣች እንድታክም ተፈቀደላት።

ሕክምናው እንዲህ ነበር። በርሜሉን እሷ እየጎተተች እኔ እየገፋሁ ወደ መስኮቱ እናስጠጋለን። እቴቴ መስኮቱን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ቀዝቃዛው የሞጣ ነፋስ ይገባል። ከመስኮቱ ማዶ ጓሮው፣ ከጓሮው ማዶ መጋዘኑ አለ። ከግድግዳው ሥር ጺማቸው የተንጨባረረ ሰዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። ወፍጮ ቤት በርም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ወንድ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ማየት ለእኔ አዲስ ስላልነበር ወረፋ የሚጠብቁ አድርጌ ቆጠርኋቸው። እቴቴ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች፣ ለዛፉ ወሬ ትነግረዋለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የምትነግረው።

«እንዴት ሰንብተሃል? እማማ ደኅና ናቸው፤ ወገባቸው ተሽሏቸዋል። ጊደሯ ወለደች፣ ወይፈን ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ጣሪያው ማፍሰሱን አቁሟል። ሹራቡን በሳህኑ ጨርቅ ጠቅልዬ ልኬዋለሁ፤ ደርሶ እንደሆነ እንጃ።»

እዚህ ላይ ዝም ትላለች። ጨርቁም ቅጠሉ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ ከጓሮው አንድ ሰው ያነጥሳል።

«ይማርህ» ትለዋለች ዛፉን፤ መወልወሏንም ትቀጥላለች።

የጋሼ ደምለው ማነጠስ በሰፈራችን የታወቀ ነበር። መጀመሪያ እንደ በር ይንቋረራል፣ ቀጥሎ ይፈነዳል፤ ዶሮ ይበረግግበታል። ስንመለስ፣ «እቴቴ፣ እዚያ ግቢ ልክ እንደ ጋሼ ደምለው የሚያነጥስ ሰው አለ» አልኋት። እቴቴ ቆመች። ጎንበስ ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ እንድሪስ ሱቅ አስገብታ ከረሜላ ገዛችልኝ። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ማነጠስ ሊኖራቸው እንደሚችል ተረድቼ፣ ከረሜላውን እየመጠጥሁ ቤቴ ገባሁ።

ዛፉ ግን አልዳነም። ወሬ በሰማ ቁጥር ቅጠሉን ያራግፋል። ጓድ ሣህለ ወለሉን እያየ፣ «ይኸው ባሰበት እኮ!» አላት አንድ ቀን።

«አሮጌው ሳይወርድ አዲሱ በየት ይወጣል፣ ጓድ ጌታዬ?»

ኃላፊው ይህን ነገር ቆም ብሎ አሰበበት። ወደደውም። ከዚያ ወዲያ ባለጉዳይ ወለሉን ባየ ቁጥር ራሱ አስቀድሞ፣ «አሮጌው ሳይወርድ አዲሱ አይወጣም» ይላል። በውይይቱም ላይ ተናግሮት እንደተጨበጨበለት ሐምዱ አወራልን።

ወዲያው ክረምት ገባ፤ እቴቴም ተስቦ ያዛት። ጠጉሯ እስኪሳሳ ከአልጋ ዋለች። እናቴ ሳህኑን ታመላልሳለች፣ ለጊዮርጊስ ጧፍ ትሳላለች፣ እኔ በሽተኛዋ አጠገብ ተቀምጬ ዝንብ እከለክላለሁ። ለፋይከሱ ወሬ የሚነግረው ጠፋ። ውኃ የሚያጠጣውም፣ መስኮት የሚከፍትለትም፣ የሚጎትተውም አልነበረም። ጓድ ሣህለ በሐኪሟ ላይ እምነት ስለነበረው ሌላ ሰው እንዳይነካው አዞ ነበር።

መስከረም ሲጠባ እቴቴ በእኔ ትከሻ ተደግፋ ሄደች። በሩን ስንከፍት ጓድ ሣህለ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዛፉ ፊት ቆሟል፤ ፊቱ በርቷል። በየቅርንጫፉ ጫፍ ለጋ፣ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ወጥቷል።

«እግዚ...» አለና አቋረጠ። «ተፈጥሮ ይመስገን። አሮጌው ወርዶ አዲሱ ወጣ! አድነሽዋል፣ እመቤት። መስኮቱንም በምስማር አስመትቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ብርድ አይገባም። አንቺም መድከም የለብሽም፤ ሥራሽን ጨርሰሻል።»

እቴቴ መስኮቱን አየች፤ ምስማሩን አየች። በርሜሉ ሥር ተንበርክካ ቅጠሉን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። በሽተኛዋ የዳነላት ሐኪም እንዲህ ደስ ይላታል ብዬ እኔም አብሬያት አለቀስሁ። ጓድ ሣህለ ልቡ ተነካና መሐረቡን ሰጣት።

ባለፈው ዓመት የገዛሁት ፋይከስ ቢቸና ሳሎኔ ውስጥ ቅጠሉን ሲያራግፍብኝ ችግኝ ሻጯን ባንቺዓለምን አስጠርቼ ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ጫማዋን አውልቃ ገባችና በርና መስኮቱን አየት አድርጋ፣ «እትዬ፣ ምን አድርገውት ነው?» አለችኝ። ቦታ እንደቀያየርሁለት፣ መስኮት እየከፈትሁ ንጹሕ አየር እንደሰጠሁት፣ ጠዋት ማታ እንዳጠጣሁት ነገርኋት። «ይኼ ዛፍ መነካት አይወድም» አለች። «ከቦታው ሲነሳ ያራግፋል፣ ነፋስ ሲመታው ያራግፋል፣ ውኃ ሲበዛበት ያራግፋል። አንድ ጥግ አቁመው ይተዉት። አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ያጠጡት።» እሷ ከወጣች በኋላ ብቻዬን ብዙ ሳቅሁ። እቴቴ ዛሬ ሰማንያን አልፋለች፤ ሞጣ ወርጄ ይህንኑ ነገርኋት። «የቱ ዛፍ?» አለችኝ።

ያን ዕለት ግን ከቤት እንደገባን ነጠላዋን ሳታወልቅ መደቡ ላይ ወደቀች። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። እኔ ጎታዬ ኋላ ገባሁ።

«መስኮቱን በምስማር መቱት፣ ወለቴ። ማነጠሱን አልሰማሁትም። መኖሩንም አላወቅሁ።»

ዛፉን በዓይኗ አይታ፣ በእጇ ይዛ፣ መኖሩን ለምን እንደምትጠራጠር ገረመኝ።

«ሐምዱስ ምን ይላል?»

«ሐምዱ አለ ይላል። ሐምዱ ለእኔ ብሎ ይዋሽ እንደሆነስ?»

እናቴ ጠጠር ለቅማ ጣለች። ቀጥላ ሌላ ለቀመች። «አራስ ቤት ያለ ሕፃን በምንድን ነው የሚጠና?» አለች።

«ኧረ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!»

«መልሺልኝ።»

«በጠዋት ፀሐይ ነዋ።»

«ያ ዛፍ ደግሞ ትናንት የወለደው ቅጠል አይደለም እንዴ ያለው?»

እቴቴ ተነሥታ ተቀመጠች።

ቀጥሎ ያለውን ከመናገሬ በፊት አንባቢ እንዳይጨነቅ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ ደምለው በዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ተፈቷል። ቢቸና እንዴት እንደነበረ ስጠይቀው ጥቂት አሰበና፣ «ጥሩ ነው። ዛፍ አለው» አለኝ። ፋይከሱ ያን ዓመት ሙሉ ሲያራግፍ ኖሮ መጥረጊያ መስሎ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ጓድ ሣህለ ፊት ቆምን። እቴቴ እንደ ሐኪም ፈርጠም ብላ ተናገረች።

«ጓድ ጌታዬ፣ ይኼ ዛፍ አራስ ነው። ለጋ ቅጠል የጠዋት ፀሐይ ካልሞቀ ይጨነግፋል። እየወጣ ይሙቅ፣ ከመምሸቱ በፊት ይግባ።»

«በየቀኑ?»

«ሕፃን አንድ ቀን ሞቆ አንድ ቀን ይቀራል?»

«ይኼን በርሜል በየቀኑ ማን ይሸከመዋል? ሠራተኛ የለኝም።»

በሩን ተደግፎ የቆመው ሐምዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓሮ ያሉት ቁጭ ብለው ነው የሚውሉት፣ ጓድ። ሲበሉ ብቻ ነው እጃቸውን የሚያነሡት።»

«እንግዲያው ጠንከር ያሉ ሁለት ሰዎች አምጣ።»

ሐምዱ ሄደ። ሲመለስ አንድ ደልዳላ ገበሬና አንድ መነጽሩን በክር ያሰረ፣ አጥንቱ የወጣ ሰው ይዞ መጣ። ሹራቡን ነው መጀመሪያ የለየሁት፤ እቴቴ የሠራችው ነው። ጋሼ ደምለው ነበር! ከቢቸና መመለሱን፣ በሰሚናሩ መክሳቱን፣ መሥሪያ ቤት ውስጥም ዛፍ ተሸካሚ ሆኖ መቀጠሩን ባንዴ ተረዳሁ። ስሙን ልጠራ አፌን ስከፍት ዛፉ ትዝ አለኝ። ጣሳውን ከንፈሬ ላይ ገጠምሁት። እቴቴ ወለሉን ታያለች። እሱ በርሜሉን ያያል። በመካከላቸው ፋይከሱ ቆሟል።

ጓድ ሣህለ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ለካው። «ሐምዱ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መርጠህ ያመጣኸው ይኼን ነው?»

«ጉልበተኛ ለጋውን ይሰብረዋል፣ ጓድ። ይኼ ቀስ የሚል ሰው ነው።»

ያን ጊዜ ከጋሼ ደምለው አፍንጫ ያ በር መሰል ነገር ተንቋረረ፤ ቀጥሎ ፈነዳ። ከዛፉ አንዲት ለጋ ቅጠል ረገፈች። እቴቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ሐምዱ ጣሪያውን አየ። ለሚያነጥስ ሰው የሚባለው ቃል ሳይባል መካከላችን ቆሞ ቀረ።

ጓድ ሣህለ የወደቀችውን ቅጠል አየ። ሹራቡን አየ። እቴቴን አየ፤ ከሁሉም ረዘም አድርጎ ያየው እሷን ነው። ያን ጊዜ ሕመሟ ያልለቀቃት መስሎት ያዘነላት መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው ምን እንደመሰለው አላውቅም፤ የሚጠየቅም ሰው የለም።

«ይማርህ» አለ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለና፣ «ጠዋት ይውጣ፣ ማታ ይግባ። ሐኪሟም አጠገቡ ትቁም» አለ። ሐምዱ በሩን ከፈተ። ሁለቱ ሰዎች በርሜሉን አነሡ፤ እቴቴም ቅጠሉ መቃኑን እንዳይነካ ቅርንጫፉን ደግፋ አብራቸው ወጣች። እኔ ጣሳዬን ይዤ ልከተል ስል ጓድ ሣህለ ጠራኝ።

«ለሐኪሟ ንገሪያት» አለኝ። «በየቀኑ። እሑድም ቢሆን።»